የእንግዳው ዋስ
የማደሪያ ሥርዓት ታሪክ በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች

በቋንቋችን «እንግዳ» የሚለው ቃል ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያለ ልዩነት ይጠራል። አንደኛው በዝምድና ወይም መንገድ ላይ ስለ መሸበት ደጃችንን አንኳኩቶ ያለ ዋጋ የሚያድረው ነው። ሁለተኛው ዋጋ ተስማምቶ፣ ቁልፍ ተቀብሎ፣ ሲነጋ ሒሳቡን ከፍሎ የሚሄደው ነው። የሙያችን ታሪክ ከመጀመሪያው እንግዳ ወደ ሁለተኛው የተደረገ ጉዞ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይህ ጉዞ ከአገራችን ስፍራዎች ሁሉ ጎልቶ ከሚታይባቸው አንዱ የአዋሽ ሸለቆ ነው። ወንዙ ከመካከለኛው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ወንዙ የማይደርስበትን ባሕር ግን መንገደኛው ሲፈልገው ኖሯል፤ ወደ ታጁራም፣ ወደ አሰብም፣ ወደ ጅቡቲም የሚወርደው ሰው በዚህ ሸለቆ አንድ ሌሊት ወይም ሁለት ሌሊት ማደር ነበረበት። ስለዚህ አዋሽና ሰመራ የሚባሉት ሁለት ከተሞች፣ አንደኛይቱ በባቡር ዘመን ሁለተኛይቱ በእኛው ዘመን የተቆረቆሩ ቢሆኑም፣ የሚጋሩት ነገር አለ፤ ሁለቱም የሚያልፍ ሰው የሚያድርባቸው ከተሞች ናቸው።

ዛሬ በልዩ ልዩ ከተሞቻችን ከሆቴሉና ከአልጋ ቤቱ ሌላ፣ ሰው የገዛ መኖሪያ ቤቱን ወይም በግቢው ያለውን ክፍል ለአጭር ጊዜ ለሚያርፍ እንግዳ የማከራየት ልማድ እየተስፋፋ ነው። ከተሞችም ለዚህ ሥራ ደንብ ሊያወጡ ይገደዳሉ። የማኅበራችን አባላት በየመሥሪያ ቤታቸውና በየድርጅታቸው አስተያየት የሚጠየቁበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ያንን ጊዜ በማሰብ የአዋሽን ሸለቆ የማደሪያ ሥርዓት ከጥንት ወዲህ በአጭሩ ይመለከታል። ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጹ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከገንዘብ በፊት የነበረው ደንብ

የሸለቆው የመጀመሪያ አሳዳሪ የአፋር አርብቶ አደር ነው። ቤቱ «አሪ» ይባላል። ከታጠፈ እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን ትሠራለች፤ ስትፈርስ በግመል ተጭና ከቤተሰቡ ጋር ትጓዛለች። አሪን የምትሠራውና የምትተክለው ሴቲቱ ናት፤ ቤቱም የእርሷ ነው። ወደ ቤቱ የቀረበ እንግዳ ውኃና ወተት ከመጠጣቱ ጋር የሚፈጽመው አንድ ግዴታ አለ፤ እርሱም «ዳጉ» ነው። ከየት እንደ መጣ፣ ማንን እንዳገኘ፣ ዝናም የት እንደ ዘነበ፣ የት ጠብ እንዳለ በዝርዝር ይናገራል፤ ባለቤቱም በተራው የሚያውቀውን ይነግረዋል። ብዙ ጊዜ ዳጉ የወሬ መለዋወጫ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ለእኛ ሙያ ግን ሌላ ትርጉምም አለው፤ በቃል የተያዘ የእንግዳ መዝገብ ነው። እንግዳው ማን እንደ ሆነና በማን በኩል እንዳለፈ ሳይታወቅ አያድርም፤ ካለፈም በኋላ የት እንዳደረ በሸለቆው ሁሉ ይታወቃል።

ሩቅ አገር ለሚሄደው ነጋዴ ደግሞ የአጃቢነት ሥርዓት ነበረ። በአፋርና በሶማሌ ቆላ የሚያልፍ ቅፍለት የአገሩ ተወላጅ የሆነ ጠባቂ ይይዛል፤ በብዙ ስፍራ «አባን» ይባላል። አባኑ ዋጋ ይቀበላል፤ ይሁን እንጂ ዋጋው የመንገድ መሪነት ብቻ አይደለም። በእንግዳው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ዋሱ እርሱና ጎሣው ናቸው፤ እንግዳው በሌላው ላይ ለሚያደርሰውም በደል ተጠያቂው እርሱ ነው። በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ወደ ሸዋ የወጣው በሻምበል ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ይህን ቆላ ያቋረጠው በአፋር አጃቢዎች እጅ ነው።

ዋስ የሌለው እንግዳ ዕጣው ምን እንደ ሆነ የሸለቆው ታሪክ ይመሰክራል። የግብፁን ኬዲቭ ያገለግል የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሙንዚንገር ፓሻ በ1868 ዓ.ም. ጦር ይዞ ወደ አውሳ በገባ ጊዜ ከብዙ ሰዎቹ ጋር በዚያው ተገደለ። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1926 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር ወንዙን ተከትሎ እዚያው አውሳ ደረሰ። ሱልጣን መሐመድ ያዮ ካነጋገሩት በኋላ እንዲያልፍ ፈቀዱለት፤ እርሱም በሰላም ታጁራ ወረደ። ስፍራው አንድ፣ ሕዝቡም አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንደኛው በኃይል የገባ፣ ሁለተኛው በባለቤቱ ፈቃድ ያለፈ መሆኑ ነው።

ደገኛውም የራሱ ሥርዓት ነበረው። «የመሸበት መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ላለ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይመለስለታል። ነገር ግን የደግነቱን ገጽ ብቻ ማንሣት ታሪኩን ጎዶሎ ያደርገዋል። መስተንግዶ ግዴታ ሆኖ የተጫነበትም ዘመን ረጅም ነው። ሹም ሲያልፍ፣ ወታደር ሲሰማራ፣ ባላገሩ ሳይወድ ቤቱን ያስረክብ፣ ያበላና ያጠጣ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ባላገሩ ዐሥራት እንዲከፍልና በለውጡም ወታደር በቤቱ ከማደር እንዲያርፍ ያወጁት ይህ ሸክም ከልክ ስላለፈ ነው። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የማደሪያ ደንብ የእንግዳው ጥበቃ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱና የመንደሩም ጥበቃ መሆን አለበት።

ባቡሩ ያመጣው ሌሊት

በዋጋ ማደር በአገራችን በተደራጀ መንገድ የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ነው። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ፣ በልቶ ሒሳብ መክፈል ለመኳንንቱ እንደ ነውር ስለሚታይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተመግበው በመክፈል ምሳሌ እንደ ሆኑ ይነገራል። ለአዋሽ ሸለቆ ግን ይህን ትምህርት ያመጣው ባቡሩ ነው።

የባቡሩ ሐዲድ ውል በ1886 ዓ.ም. ተፈቀደ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ ችግር ወድቆ ሌላ ኩባንያ ከተተካ በኋላ ሥራው ወደ አዋሽ ገፋ፤ ጥልቁን የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለ ነበር፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን ሌሊት በአዋሽ ያድራል። አዋሽ ከተማ የሆነችው ከዚህ የጊዜ ሠሌዳ የተነሣ ነው ለማለት ይቻላል። ባቡሩ በሌሊት የሚጓዝ ቢሆን ኖሮ ጣቢያው ውኃ መቅጃ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከጣቢያው አጠገብ የተሠራውና «ቡፌ ዳዋሽ» የሚባለው ማረፊያ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ሰፊ በረንዳው፣ ጥላ የሚሰጡት ተክሎቹና ከሐዲዱ ፊት ለፊት የተደረደሩት ክፍሎቹ በመንገደኞች ዘንድ የታወቁ ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩትም የግሪክ ተወላጆች ናቸው። በ1920 ዓ.ም. ኔስቢት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የአፋርን በረሃ ለማቋረጥ የተነሣው፣ ቴሲገርም በ1926 ዓ.ም. ጉዞውን የጀመረው ከዚህችው ጣቢያ ነው።

በዚህ ጊዜ የማደሪያ ሥርዓት መሠረቱ ተለወጠ። ቀድሞ እንግዳው የሚያድረው ባለቤቱ ስላወቀው ነበር፤ አሁን ግን የሚያድረው ትኬት ስላለው ነው። ስሙን፣ አገሩን፣ የመጣበትን ጉዳይ ለመናገር አይገደድም፤ ዋሱ የኩባንያው ስም ነው። ይህ ትልቅ ነጻነት ነበር። ሆኖም የኩባንያው ኀላፊነት ከጣቢያው አጥር አያልፍም። በጣቢያው ክፍል ለመከራየት አቅም የሌለው ተሳፋሪ መንደር ገብቶ ማደሪያ ይፈልጋል፤ እዚያም የሚቀበለው በአብዛኛው ጠላ ወይም ጠጅ የምትሸጥ ሴት ቤት ነው። እንዲህ ሆኖ በአንዲት ከተማ ሁለት ዓይነት ማደሪያ ተፈጠረ። አንደኛው ደንብ፣ የዋጋ ተመንና ኀላፊ አለው። ሁለተኛው ያለው የባለቤቲቱ ዐመልና ጉልበት ብቻ ነው። ይህ መከፈል እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ሕጉ ተጻፈ፤ መንገዱም ተጠረገ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት፣ መንገደኛን የማሳደር ውልን ራሱን የቻለ ውል አድርጎ ደነገገ። ከቁጥር 2653 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ስለዚህ ይናገራሉ። የሕጉ ዐቢይ አሳብ፣ ሆቴል ከፍቶ መንገደኛን የሚያሳድር ሰው ክፍል ማከራየቱ ብቻውን በቂ አይደለም፤ እንግዳው ይዞት ለገባው ንብረትም ኀላፊነት አለበት የሚል ነው። የጥንቱ አባን በቃል የገባው ዋስትና በዚህ ሕግ በጽሑፍ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ልዩነቱ ዋሱ ጎሣ ሳይሆን ባለሆቴሉ ራሱ በመሆኑ ነው።

በዚያው ዘመን ሸለቆው በፍጥነት ይለወጥ ነበር። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተከፈተ፤ ለለቀማ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛም በረከተ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከኮምቦልቻ እስከ አሰብ የጠረጉት መንገድ የአገሪቱ ዋና የወደብ መንገድ ሆኖ ነበር፤ በኋላም ከአዋሽ በገዋኔ በኩል ወደ ሚሌ የሚወጣው መንገድ ተሠርቶ ከርሱ ጋር ተገናኘ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ በሐዳር ስትገኝ የዓለም ዐይን ወደ ሸለቆው ዞረ፤ የታችኛው አዋሽ ሸለቆም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። ሳይንቲስቱ፣ ለቃሚው፣ ሾፌሩና ጎብኚው ሁሉም ማደሪያ ይፈልጋሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የበዛው ሾፌሩ ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና የሚያሽከረክር ሰው ሌሊቱን የሚያሳልፍበትን ቦታ የሚመርጠው በሦስት ነገር ነው፤ መኪናው የሚጠበቅበት ግቢ፣ ትኩስ ምግብና ነፋስ የሚያገኝ አልጋ። በዚህ ምክንያት በአዋሽ ሰባት፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ ያለው አልጋ ቤት ከደጋው የተለየ መልክ ያዘ። በሙቀቱ ወራት አልጋው ከክፍሉ ወጥቶ በግቢው ይዘረጋል፤ እንግዳውም በአጎበር ውስጥ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ሰማይ ሥር ያድራል። ስለ ክፍል ቁልፍና ስለ በር መዝጊያ የተጻፈ ደንብ እዚህ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ግቢውን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።

ቤት ማከራየት የተከለከለበት ዘመን

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ለርእሰ ነገራችን ትልቅ ስፍራ አለው። በዐዋጁ መሠረት አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም፤ ግለሰብም መኖሪያ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት አይፈቀድለትም። ትላልቆቹ ሆቴሎች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ይተዳደሩ ጀመር።

ከዚሁ ጋር የእንግዳ መዝገብ ትርጉም ተለወጠ። በቤቱ ሰው ያሳደረ ለቀበሌው እንዲያሳውቅ መጠበቁ የተለመደ ሆነ። ዳጉ እንግዳውን ለመጠበቅ የሚደረግ መተዋወቅ ነበር፤ የቀበሌው መዝገብ ግን እንግዳውን ለመከታተል ያገለግላል። በዚያ ዘመን ያለፉ ብዙ የሥራ ባልደረቦቻችን «የእንግዳ ስም ዝርዝር» ሲባል እስከ ዛሬ የሚሰማቸው ጥርጣሬ ከዚህ የመነጨ ነው። አዲስ ደንብ የሚያወጣ አካል ይህን ትዝታ ቢዘነጋ ሰው መዝገቡን በሐሰት ይሞላዋል፤ በሐሰት የተሞላ መዝገብም አደጋ በደረሰ ቀን ማንንም አያድንም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቤት ማከራየት እንደ ገና ተፈቀደ፤ የግል ሆቴልና ፔንሲዮንም በየከተማው ፈላ። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የአገሪቱ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የአዋሽና ሚሌ መስመር ከዚያ ወዲህ ሌሊትና ቀን የማያርፍ የአገር ጉሮሮ ሆነ። ጉዳቱም አብሮ መጣ። በ1990ዎቹ በዚህ መስመር ላይ ለሾፌሮች፣ ለረዳቶችና በመጠጥ ቤት ለሚሠሩ ሴቶች ልዩ የኤች አይ ቪ መከላከያ ፕሮግራም ማካሄድ ያስፈለገው፣ ማደሪያው በሽታ የሚተላለፍበት ስፍራም ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ለእንግዳው ንብረት ኀላፊ እንደ ሆነ ሕግ ይናገራል። በቤቱ ለምትሠራው ሴት ጤናና ክብር ግን ማን ዋስ እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ በግልጽ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ሰመራ፦ ከመሬት የተነሣች ከተማ

ሰመራ ከአዋሽ በተለየ መንገድ ተወለደች። የአፋር ክልል መቀመጫ አስቀድሞ የአውሳ ጥንታዊ ከተማ የሆነችው አሳይታ ነበረች። በኋላ መቀመጫው ከዋናው የመኪና መንገድ ላይ እንዲሆን ታስቦ ሰመራ በሎግያ አጠገብ በባዶ ሜዳ ላይ ተቆረቆረች። መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲና የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠሩላት። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሙቀቷም ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ከበረቱት የሚቈጠር ነው።

እንዲህ ያለች ከተማ ሁለት ዓይነት ቤት ፈላጊ አላት። አንዱ ተቀጥሮ የመጣው መምህር፣ ሐኪም ወይም ጸሐፊ ሲሆን ለዓመታት የሚኖርበት ቤት ይፈልጋል። ሌላው ለስብሰባ፣ ለጉብኝት ወይም ለንግድ መጥቶ ሁለት ሌሊት የሚያድረው ነው። ሁለቱም የሚሻሙት አንዱን ክፍል ነው። ባለቤቱ ለሌሊቱ እንግዳ ቢያከራይ የተሻለ ገቢ የሚያገኝ ከመሰለው የዓመቱን ተከራይ ማስወጣቱ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና የኪራይ ጭማሪ በመንግሥት እንዲወሰን ደንግጓል። ዐላማው ነዋሪውን መጠበቅ ነው። ነገር ግን የዓመቱ ኪራይ በደንብ ታስሮ የሌሊቱ ኪራይ ያለ ደንብ ከተተወ፣ ቤቱ ከጥብቁ ወደ ልሉ ማዘንበሉ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ የሌሊት ማደሪያ ደንብ የሆቴሎች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በሰመራ የሚኖረው ሠራተኛ ሁሉ ጉዳይ ነው።

የመሬቱ ጠባይ

በአዋሽ ሸለቆ ደንብ የሚያወጣ ሰው ሊረሳው የማይገባ ሌላም ነገር አለ፤ መሬቱ አይጸናም። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ከዛሬይቱ ሰመራ በስተ ምሥራቅ በአሰብ መንገድ ላይ የነበረችው የሰርዶ ከተማ በርዕደ መሬት ፈረሰች፤ ሰዎችም ሞቱ። ሰርዶ የመንገደኛ ማረፊያ ነበረች። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ፣ ከአዋሽ ከተማ ብዙም በማይርቁ ወረዳዎች ቤቶች ተሰነጠቁ፤ በዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ቀዬውን ለቆ ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ተዛወረ።

የአፋሯ አሪ በርዕደ መሬት ብትወድቅ ሰሌንና እንጨት ናትና ሰው አትገድልም። የሚገድለው ያለ በቂ ብረትና ያለ መሐንዲስ ምክር የቆመው የብሎኬት ግድግዳና ከላዩ የተጫነው ከባድ ጣራ ነው። ነዋሪው የቤቱን ስንጥቅ ያውቃል፤ የት መሮጥ እንዳለበትም ያውቃል። ለአንድ ሌሊት የመጣው እንግዳ ግን ሁለቱንም አያውቅም። በዚያች ሌሊት ቤቱ ቢናድ፣ በውስጡ ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ ማን ነው? መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ባለቤት በቅርብ መኖር ያለበትም ለዚህ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ጥንታውያን የባሕር ዳር ከተሞች ከኛ ቀድመው ደርሶባቸዋል። የባርሴሎና ከተማ እ.ኤ.አ. በ2024 የዐሥር ሺህ ያህል የጎብኚ መኖሪያ ቤቶችን ፈቃድ በ2028 ሲያበቃ እንደማያድስ አስታወቀ፤ ምክንያቱም የነዋሪው የቤት ኪራይ መናር ነው። ቬኒስ በዚያው ዓመት ለአንድ ቀን ለሚገባ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ማስከፈል ጀመረች። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ቤቱን የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብ፣ እንግዳው ባለበት ጊዜ ራሱ በቤቱ እንዲገኝ፣ ከሁለት እንግዳ በላይም እንዳይቀበል አስገድዳለች።

ከእነዚህ ለእኛ የሚቀርበው የመጨረሻው ነው። ባለቤቱ በቤቱ ይገኝ ማለት ሥልጣኔ ዛሬ የፈጠረው አሳብ አይደለም፤ የአሪዋ ባለቤት ደንብ ነው። ወደ እኛው አገር ብንመለስም፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሐረር ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉት ጥንታውያን የሐረሪ ቤቶች ይህንኑ ያሳያሉ። እንግዳው የሚያርፈው እማወራዋ በምትኖርበት፣ ዕቃዋ በግድግዳው በተሰቀለበት ቤት ነው፤ ቤቱ ቤትነቱን ሳይለቅ ማረፊያ ይሆናል።

ምን ዓይነት ደንብ?

ከላይ የተገለጸው ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረናል። ዘመኑ ሲለወጥ የእንግዳው ዋስ ይለወጣል፤ በመጀመሪያ ጎሣው ነበር፤ ከዚያ ኩባንያው፣ ከዚያም ባለሆቴሉ፣ ከዚያም ቀበሌው ሆነ። ችግር የተፈጠረው ዋስ በተለወጠ ጊዜ ሳይሆን ዋስ በጠፋ ጊዜ ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ ዋጋ ተስማምቶ፣ ቁልፍ ከዘበኛ ተቀብሎ፣ የቤቱን ባለቤት ሳያይ የሚሄደው እንግዳ ዋሱ ማን ነው? የደንቡ መነሻ ይህ ጥያቄ ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ በአዋሽም በሰመራም ደንብ የሚረቅ ከሆነ፣ የሚከተሉት አሳቦች ለውይይት ይቅረቡ።

አንደኛ፣ ለየማደሪያው ስሙ የታወቀ፣ በዚያው ከተማ የሚኖር፣ በሌሊት ቢፈለግ የሚገኝ አንድ ኀላፊ ሰው ይኑር። ባለቤቱ ሩቅ ቢሆን እንኳ ወኪሉ ከጎረቤት አይራቅ።

ሁለተኛ፣ የእንግዳ መዝገብ ይኑር፤ ግን ዐላማው ተለይቶ ይጻፍ። ለአደጋና ለወንጀል ጊዜ የሚከፈት እንጂ ማንም ሹም በፈለገ ጊዜ የሚያገላብጠው አይሁን።

ሦስተኛ፣ የኮከብ ደረጃ መመዘኛን ለአንድ ክፍል አከራይ እንዳለ መጫን ትርፉ ማስደበቅ ነው። አገራችን በ2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ መለኪያ ሆቴሎችን በኮከብ መመደብ መጀመሯ ይመሰገናል፤ ሆኖም የመቀበያ አዳራሽ ስፋት በሎግያ ግቢ ለሚያድር ሾፌር ጥያቄው አይደለም። ለትንሿ ማደሪያ መለኪያው ንጹሕ ውኃ፣ አጎበር፣ መጸዳጃ፣ የሚጠበቅ ግቢ፣ በርዕደ መሬት ጊዜ ግልጽ መውጫ ያለውና በባለሙያ የታየ ግድግዳ ይሁን።

አራተኛ፣ ነዋሪው ቤት እንዳያጣ፣ ባለቤቱ ከሚኖርበት ቤት ውጭ ያለው ሙሉ መኖሪያ ቤት ወደ ሌሊት ማደሪያ ሲለወጥ ከከተማው ልዩ ፈቃድ ይጠየቅ። በግቢዋ አንድ ክፍል ለምታከራይ እማወራ ግን ፈቃዱ ቀላል፣ ግብሩም እንደ ገቢዋ ይሁን። የማደሪያ ሥራ በዚህ ሸለቆ ከአሪ ዘመን ጀምሮ በአብዛኛው በሴቶች እጅ የቆየ ሥራ ነውና፣ ከባድ ደንብ መጀመሪያ የሚያስወጣው እነርሱን ነው።

አምስተኛ፣ በማደሪያው የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝ፣ ጤናና ክብር የደንቡ አካል ይሁን። ለእንግዳው ሻንጣ ዋስ የሚሆን ሕግ አልጋውን ለምታነጥፈው ሴት ዋስ ካልሆነ ጎዶሎ ነው።

አሮጌው ሐዲድ ዛሬ በአዋሽ ጣቢያ ጸጥ ብሏል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛውን በአዋሽ ሳያሳድር ያልፋል። ቢሆንም የሚያድር ሰው አልጠፋም፤ ተሳቢው አሁንም በሚሌ ይቆማል፤ ወደ ኤርታሌ የሚሄደው ጎብኚ በሰመራ ያርፋል፤ ስብሰባተኛውም ክፍል ይፈልጋል። ለእነርሱ የሚወጣው ደንብ ከሩቅ ከተማ የተቀዳ እንዳይሆን፣ ከዚሁ ሸለቆ ታሪክም እንዲማር ማሳሰብ የእኛ የሙያ ግዴታ ነው። ማንኛውም ረቂቅ በፊታችን ሲቀርብ ከቅጣቱና ከክፍያው አስቀድመን የጥንቱን የአዋሽ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህ እንግዳ ዛሬ ሌሊት አንድ ነገር ቢደርስበት፣ ወይም እርሱ በሌላው ላይ ቢያደርስ፣ ዋሱ ማን ነው? መልሱ በደንቡ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ሆኖ ካልተገኘ፣ ረቂቁ ገና አላለቀም።